የካውንተር ገጽ ሲቀየር፦ ለአንባብያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የወጥ ቤታቸውን ወይም የመታጠቢያ ቤታቸውን ካውንተር ለመቀየር ያሰቡ አንባብያን የላኩልን ጥያቄዎች ተጠራቅመው ስለቆዩን ይህን ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ማወቅ የሚፈልጉት የትኛው ድንጋይ እንደሚሻል ነው። ይህ አምድ ግን ከድንጋዩ ይልቅ ከሥሩ ላለው ካቢኔትና በዙሪያው ላለው መገጣጠሚያ የበለጠ ቦታ ይሰጣል፤ ምክንያቱም ገጹ ያለ ዕድሜው ሲበላሽ ጥፋቱ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የወጥ ቤታችን ካውንተር በፎርማይካ የተለበጠ ቺፕውድ ነው። በላቫንዲኖው ዙሪያ ውሃ ገብቶበት አብጧል፤ ፎርማይካውም ከጠርዙ እየተላቀቀ ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ግራናይት ልንቀይረው አስበናል። አንድ አናጢ ካቢኔቶቹ ይህን ክብደት አይችሉም ሲለን፣ ሌላው ደግሞ ምንም ችግር የለውም ብሎናል። ካቢኔቶቹንም መቀየር ግድ ይሆንብናል? ሥራውስ በምን ቅደም ተከተል ቢካሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱ ባለሙያዎች የተለያየ መልስ የሰጧችሁ አንደኛው የድንጋዩን ክብደት፣ ሌላኛው የካቢኔቱን ጎን ስለተመለከተ ሊሆን ይችላል። በቅድሚያ ክብደቱን እናስላ። ግራናይት በአንድ ሜትር ኪዩብ 2,700 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገጽ በካሬ ሜትር 80 ኪሎ ግራም ያህል፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደግሞ 54 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ካውንተራችሁ 2.4 ሜትር ርዝመትና 62 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ለላቫንዲኖና ለምድጃ የሚቆረጠው ሳይቀነስ፣ በካቢኔቶቹ ላይ የሚያርፈው 120 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቁጥሩ ሲሰማ ያስፈራል፤ ነገር ግን ይህ ክብደት በመላው ርዝመት ላይ ተከፋፍሎ ያርፋል፤ ወለል ላይ የቆመ ካቢኔትም ሸክሙን ወደ ወለሉ የሚያወርደው ቀጥ ብለው በቆሙት የጎን ሰሌዳዎቹ በኩል ነው። የ16 ወይም የ18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ደረቅ እስከ ሆነና ቀጥ ብሎ እስከ ቆመ ድረስ ይህን ያህል ሸክም ይችላል። ከግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ የተሠራ፣ ወለሉን የማይነካ ካቢኔት ከሆነ ግን ነገሩ ፈጽሞ ይለያል፤ ያን ጊዜ ሸክሙ በሙሉ በብሎኖቹና በግድግዳው ላይ ስለሚሆን ከሥሩ የብረት ድጋፍ ሳይገባለት ድንጋይ ሊጫንበት አይገባም።

እኛን የሚያሳስበን ከክብደቱ ይልቅ ውሃው ነው። ገጹን ያሳበጠው ውሃ እዚያው ቀርቶ አይሆንም፤ ከላቫንዲኖው በታች ወዳለው ካቢኔት ወርዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከማዘዛችሁ በፊት ያንን ካቢኔት ባዶ አድርጋችሁ በባትሪ መብራት ተመልከቱት። የጎን ሰሌዳዎቹ ወለሉን በሚነኩበት በታችኛው ጫፍ ላይ አብጠው ከሆነ፣ በጣት ሲጫኗቸው የሚፈረፈሩ ከሆነ፣ ወይም ብሎኖቹ ሳይዙ በቀዳዳቸው ውስጥ ዝም ብለው የሚዞሩ ከሆነ፣ ያ ካቢኔት ድንጋይ ሊሸከም አይችልምና ይቀየር። የቀሩት ጤነኞች ከሆኑ እነርሱን ማፍረስ አያስፈልግም። በተጨማሪም እያንዳንዱን ካቢኔት ከላይ ይዛችሁ ወደ ጎን ገፋ አድርጉት። የሚወዛወዝ ከሆነ የጀርባው ሰሌዳ ላልቷል ወይም ካቢኔቱ ከግድግዳው ጋር አልታሰረም ማለት ነው። ካቢኔቶቹ እርስ በርሳቸውም ከግድግዳውም ጋር በብሎን ከታሰሩ በኋላ እንደ አንድ አካል ሆነው ይቆማሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስተካከል ነው፤ ብዙ ሠራተኞች የሚቸኩሉበትም ይኸው ነው። ድንጋይ ከላይ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲያጎብጡት ግን ደካማ ነው። ፎርማይካ የለበሰ ቺፕውድ ከሥሩ ያለው ካቢኔት ቢዛነፍ አብሮት ትንሽ ጎብጦ ጉድለቱን ይሸፍናል። ግራናይት ግን አይጎብጥም፤ በሁለት ከፍ ያሉ ነጥቦች ላይ ካረፈ መካከሉ በአየር ላይ ይቀራል፤ አንድ ቀን ሰው ሲደገፍበት ወይም ከባድ ድስት ሲያርፍበትም ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከላቫንዲኖው ፊትና ኋላ ካለው ጠባብ ክፍል ነው። ረጅም ውሃ ልክ በካቢኔቶቹ ላይ በርዝመትም በወርድም አጋድማችሁ፣ በ3 ሜትር ርዝመት ውስጥ የከፍታው ልዩነት ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ አድርጉ። ዝቅ ያለውን ካቢኔት የሚስተካከል እግር ካለው እግሩን በማዞር፣ ከሌለው ደግሞ ከሥሩ ውሃ የማያበሰብሰው የፕላስቲክ ሽብልቅ በማስገባት ከፍ ማድረግ ይቻላል። ልዩነቱን በድንጋዩና በካቢኔቱ መካከል ወፍራም ሲሊኮን በመሙላት መደበቅ ግን መፍትሔ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። አዲሱ ላቫንዲኖ፣ ቧንቧውና በገጹ ውስጥ የሚቀበረው ምድጃ ልክ ከመወሰዱ በፊት ተገዝተው እጃችሁ ላይ መገኘት አለባቸው፤ ድንጋይ ቆራጩ ቀዳዳውን ማውጣት ያለበት ከዕቃው ከራሱ እንጂ በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ከተጻፈ መጠን አይደለም። አሮጌው ገጽ ሲነሳ መጀመሪያ የውሃው ቫልቭ ይዘጋል፤ ቧንቧው ተከፍቶ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ይወጣል፤ ሲፎኑም ከሥሩ ባልዲ ተደርጎ ይፈታል። ምድጃው በጋዝ የሚሠራ ከሆነ የጋዙን መስመር የሚፈታውም የሚመልሰውም በሙያው የሠለጠነ ሰው ብቻ ይሁን፤ ከተመለሰ በኋላም መገጣጠሚያው በሳሙና ውሃ ተቀብቶ አረፋ አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። ከግድግዳው ጋር ያያዘው ሲሊኮን በስለታም ቢላ ይቆረጣል፤ ከሥር ወደ ላይ የገቡት ብሎኖች ይፈታሉ፤ ከዚያም ገጹ ቀስ ተብሎ ይነሳል። ብሎን ሳይፈታ ቀርቶ በኃይል ከተነሳ የካቢኔቱ አፍ ይቀደዳል፤ ይህ ደግሞ ልናድነው የሞከርነውን ነገር ማጥፋት ይሆናል።

ልክ የሚወሰደው ካቢኔቶቹ ተስተካክለው ከታሰሩ በኋላ ነው። የቤት ማዕዘን ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም። ከማዕዘኑ ተነሥታችሁ በአንዱ ግድግዳ ላይ 60፣ በሌላው ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ምልክት አድርጉና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ፤ በትክክል 100 ሴንቲ ሜትር ካልመጣ ማዕዘኑ የተዛነፈ ነው። ስለዚህ ርዝመትና ስፋትን ብቻ በወረቀት ጽፎ ለቆራጩ መስጠት አይበቃም፤ ከስስ ኮምፐልሳቶ ወይም ከጠንካራ ካርቶን የግድግዳውን መስመር ተከትሎ የተቆረጠ ልክ መውሰጃ መዘጋጀት ይኖርበታል። ድንጋዩ ተቆርጦ እስኪመጣ ድረስ በካቢኔቶቹ ላይ አንድ ኮምፐልሳቶ አጋድሞ አሮጌውን ላቫንዲኖ ለጊዜው መልሶ መግጠም ይቻላል፤ እንዲህ ካደረጋችሁ ወጥ ቤታችሁ ሥራ አይፈታም፤ እናንተም በጥድፊያ ውሳኔ አትሰጡም።

ከቆራጩ ጋር ስትነጋገሩ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ አስፍሩ። የላቫንዲኖውና የምድጃው ቀዳዳ ማዕዘኖች ሹል ሳይሆኑ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ኖሯቸው የተጠጋጉ ይሁኑ፤ በሹል ማዕዘን ላይ ጫና ስለሚጠራቀም ስንጥቅ የሚወለደው ከዚያ ነው። ከቀዳዳው ፊትና ኋላ የሚቀረው ድንጋይ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባይጠብ ይመረጣል። ሁለት ድንጋዮች የሚገናኙበት መስመር ደግሞ በላቫንዲኖው ቀዳዳ ላይ ወይም ከሥሩ ድጋፍ በሌለበት ቦታ ላይ አይዋል። ገጹ ከካቢኔቱ ፊት ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ወጣ ቢል የሚንጠባጠበው ውሃ በመሳቢያዎቹ ላይ አይወርድም። ሰው ተቀምጦ የሚመገብበት ሰፋ ያለ ወጣ ያለ ክፍል ከፈለጋችሁ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት ያለ ድጋፍ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የብረት መደገፊያ ያስፈልገዋል።

ድንጋዩ ሲመጣ እንደ መስታወት በጠርዙ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ መሸከም የለበትም፤ በተለይ ለላቫንዲኖ የተቆረጠ ድንጋይ ተጋድሞ ከተነሳ በራሱ ክብደት ይሰበራል። በካቢኔቶቹ አፍ ላይ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ጠብ ጠብ ተደርጎ የተቀመጠ ሲሊኮን ይበቃዋል። በግድግዳው በኩል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተውና በሲሊኮን ይሞላ። በሲሚንቶ ከተሞላ ግን ካቢኔቱም ግድግዳውም በጥቂቱ ስለሚንቀሳቀሱ ይሰነጠቃል፤ ውሃም በስንጥቁ ገብቶ እናንተን ወደዚህ ሥራ ያስገባችሁን ጉዳት እንደገና ይጀምራል። የግድግዳው ሴራሚክ የሚለጠፈው በመጨረሻ፣ ገጹ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ነጭ እብነ በረድ አስገጥሜ ነበር። ሎሚ የነካው ቦታ ሁሉ ደብዛዛ ክብ እየሆነ ቀረ። ሻጩ የመከላከያ ቅብ በየጊዜው እንድቀባው መከረኝ፤ ቀባሁት፤ ነገር ግን ክቦቹ አልጠፉም፤ አዳዲሶችም ይመጣሉ። ቅቡ ጥራት የሌለው ይሆን? ወይስ ድንጋዩን ልቀይረው?

መልስ፦ ቅቡን አይውቀሱት፤ ይህ የእርሱ ሥራ አይደለም። በድንጋይ ላይ የሚታዩ ሁለት የተለያዩ ጉዳቶች አሉ። አንደኛው ዕድፍ ነው፤ ዘይት ወይም ቀለም ያለው ፈሳሽ ወደ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ሰርጎ ሲገባ ቦታው ይጠቁራል። መከላከያ ቅብ ይህንን ሰርጎ መግባት ያዘገየዋል። ሁለተኛው ግን መበላት ነው። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ እንደ ሎሚ፣ አቼቶና ቲማቲም ያለ አሲድ ሲያገኘው የላይኛው ልስላሴ ይሟሟል። እርስዎ የሚያዩት ደብዛዛ ክብ ቆሻሻ አይደለም፤ ከድንጋዩ ላይ የጎደለ ነገር ነው። የጎደለ ነገር በመጥረግ አይመለስም፤ ወደ ድንጋዩ ውስጥ የሚሰርግ ቅብም ላዩን ከአሲድ አይጋርደውም።

ለእርስዎ ሁለት መንገዶች አሉ። አንጸባራቂውን ገጽ የድንጋይ ወልዋይ ባለሙያ አለስልሶ ግን ደብዘዝ አድርጎ እንዲሠራው ማድረግ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ አዲስ የሚመጡት የአሲድ ምልክቶች ከዙሪያቸው ጋር ስለሚመሳሰሉ ያን ያህል አይታዩም። እብነ በረዱን የሚወዱት ከሆነ እኛ ይህን እንመርጣለን፤ ጥሩ ድንጋይ ነው፤ የሚፈልገው ዕድሜውን በገጹ ላይ ማየት የማይከብደው ባለቤት ነው። ምንም ምልክት እንዳይኖር የሚፈልጉ ከሆነ ግን እብነ በረዱን ወደ መታጠቢያ ቤት አዛውረው ለወጥ ቤቱ ሌላ ነገር ይምረጡ። ከመወሰንዎ በፊት በእብነ በረዱ ላይ የዘይት ዕድፍም ካለ፣ ቤኪንግ ሶዳን በውሃ ለውሰው እንደ ሊጥ ወፈር አድርገው ይቀቡት፤ በፕላስቲክ ሸፍነው ለ24 ሰዓት ይተዉት። ሲደርቅ ዘይቱን እየመጠጠ ያወጣዋል፤ አንድ ጊዜ ካልበቃ ይድገሙት።

ለወጥ ቤት የሚተካው ምን ይሁን ለሚለው፣ ግራናይት አሲድን ከእብነ በረድ በጣም በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፤ የጋለ ድስትም አያሰጋውም። በሞዝ የጥንካሬ መለኪያ የእብነ በረድ ዋና ማዕድን 3 ሲሆን፣ በግራናይት ውስጥ ያሉት ማዕድናት በብዛታቸው ከ6 እስከ 7 ናቸው፤ የወጥ ቤት ቢላም በቀላሉ አይጭረውም። ሁሉም ግራናይት ግን ውሃን እኩል አይመጥም። ናሙናው ላይ ጥቂት የውሃ ጠብታ አሳርፈው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሲጠርጉት ቦታው ጠቁሮ ከታየ መከላከያ ቅብ ያስፈልገዋል፤ ካልጠቆረ ደግሞ ያለ ቅብም ይኖራል። በናሙናው ላይ ሎሚም ጠብ አድርገው ማሳደር አይርሱ፤ በገበያ ላይ ግራናይት ተብለው ከሚሸጡ ድንጋዮች አንዳንዶቹ ካልሲየም ካርቦኔት ስላለባቸው ሎሚው ወዲያው ያጋልጣቸዋል።

ኳርትዝ ተብሎ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ ገጽ ከተፈጨ ድንጋይና ከፖሊስተር ሙጫ የሚሠራ ነው፤ በክብደቱ ከመቶ 90 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ድንጋዩ ነው። ቀዳዳ ስለሌለው ቅብ አይጠይቅም፤ ሎሚም አይጎዳውም። ድክመቱ ያለው በሙጫው ነው፤ ከ150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የጋለ መጥበሻ በቀጥታ ቢቀመጥበት ሙጫው ይቃጠልና የማይለቅ ምልክት ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው ቦታ ላይም ከጊዜ በኋላ ወደ ቢጫነት ያደላል። ስለ ኳርትዝ ከመወሰንዎ በፊት የሚቀጥለውንም መልስ እንዲያነብቡልን እንጠይቃለን።

ጥያቄ፦ አዲሱ ኳርትዝ ገጠማ ላይ እያለ የቧንቧው ቀዳዳ እንደተረሳ ታወቀ። ሠራተኛው እዚያው ወጥ ቤታችን ውስጥ በደረቅ ዲስክ ሊቆርጠው ሲል ባለቤቴ አቧራውን ፈርታ አስቆመችው። ሠራተኛው አፉን በጨርቅ እንደሚሸፍንና አቧራው ተጠርጎ እንደሚወጣ ነግሮን ነበር። ያለ አግባብ ፈርተን ይሆን?

መልስ፦ ባለቤትዎ ትክክል አድርገዋል፤ ያተረፉትም ቤተሰቡን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውን ጭምር ነው። በድንጋይ ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባል ማዕድን ሲቆረጥ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይሆናል። ይህ ብናኝ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ገብቶ በዚያ ይቀራል፤ በጊዜ ብዛትም ሳንባውን እያጠነከረ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሲሊኮሲስ የሚባል በሽታ ያስከትላል። በሽታው የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ለሳንባ ካንሰርም ያጋልጣል። ሲሊካ በግራናይትም ውስጥ አለ፤ በሰው ሠራሽ ኳርትዝ ውስጥ ግን መጠኑ ከመቶ 90 ሊያልፍ ይችላል። በተለያዩ አገሮች ገና በወጣትነታቸው ሳንባቸው የተጎዳ ድንጋይ ቆራጮች የተገኙት በዚህ ሥራ ነው። አውስትራሊያም በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የዚህ ዓይነት ሰው ሠራሽ ድንጋይ እንዳይመረት፣ እንዳይቀርብና እንዳይገጠም ከልክላለች። አምራቾችም ሲሊካው የቀነሰ ወይም ጨርሶ የሌለበት ገጽ ማቅረብ ጀምረዋል፤ ምርጫው ካለ እርሱን ይጠይቁ።

ተገጥሞ ያለቀ ኳርትዝ ለተጠቃሚው አደጋ የለውም፤ አደጋው ያለው በመቁረጥ፣ በመብሳትና በመሞረድ ላይ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ሁሉ በቆራጩ ወርክሾፕ፣ ውሃ እየፈሰሰበትና አቧራ መሳቢያ ባለበት ቦታ መውጣት አለበት። እንደ እናንተ አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀርቶ ከሆነና ድንጋዩን መመለስ የማይቻል ከሆነ፣ የአልማዝ ጥርስ ባለው ክብ መብሻ፣ ለተለመደው ቧንቧ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው፣ ውሃ ሳያቋርጥ እየፈሰሰበት በዝግታ ሊበሳ ይችላል። ሠራተኛው የሚያደርገው ከፊቱ ጋር የሚገጥም የብናኝ መከላከያ ጭምብል ነው፤ ጨርቅ ይህን ብናኝ አያስቀርም። የቀረው ጭቃ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ በደረቁ በመጥረጊያ ከተጠረገ ተመልሶ ወደ አየር ይነሳል። ርካሽ ዋጋ የሚጠይቅ ቆራጭ ስታገኙ በውሃ የሚቆርጥ መሆኑን አይታችሁ ተስማሙ። እኛ በቤታችን ለምናየው ውበት ሌላ ሰው በሳንባው መክፈል የለበትም።

ጥያቄ፦ በመታጠቢያ ቤታችን የእጅ መታጠቢያው ሳህን ከድንጋዩ ሥር የተለጠፈ ነው። በሳህኑና በድንጋዩ መካከል ክፍተት መታየት ጀምሯል፤ በግድግዳው በኩል ያለው ሲሊኮንም በየጊዜው ጥቁር ሻጋታ ያወጣል። በላዩ ላይ አዲስ ሲሊኮን ብንጨምርም ተመልሶ ይጠቁራል። ገጹን በሙሉ መቀየር አለብን?

መልስ፦ ገጹ ካልተሰነጠቀ መቀየር አያስፈልጋችሁም። ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ናቸውና ለየብቻ እንመልከታቸው።

ሳህኑ የወረደው በሲሊኮን ብቻ ተንጠልጥሎ ስለኖረ ይሆናል። አንድ የሸክላ ሳህን የራሱ ክብደት አለው፤ ውሃ ሲሞላ በእያንዳንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ይጨመርበታል። ሲሊኮን ውሃ እንዳያልፍ የሚያደርግ ነገር ነው፤ ሸክም ተሸካሚ ሊሆን አይገባውም። ውሃውን ዘግታችሁ ሲፎኑን ፍቱ፤ ሳህኑን ከሥር ደግፋችሁ አውርዱት፤ አሮጌውን ሲሊኮን ከሁለቱም ፊቶች ፍቃችሁ በአልኮል አጽዱ። ከዚያም አዲስ ሲሊኮን አድርጋችሁ መልሱትና ከሥሩ በእንጨት ደግፋችሁ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ተዉት። ከድንጋዩ ሥር ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ የሚያያዙ የብረት መያዣዎች በዙሪያው ካልተደረጉለት፣ ወይም በካቢኔቱ ውስጥ ሳህኑን የሚሸከም የእንጨት ክፈፍ ካልተሠራለት ግን እንደገና መውረዱ አይቀርም።

ሲሊኮን ስትገዙ ጥንቃቄ ይኑር። ሲወጣ የአቼቶ ሽታ ያለው ዓይነት እየደረቀ አሲድ ስለሚለቅ እብነ በረድን ያደበዝዛል፤ ለድንጋይ የሚሆነው ገለልተኛ የሚባለው ነው። አንዳንድ ርካሽ ሲሊኮን ደግሞ ቅባቱ ወደ ድንጋዩ ሰርጎ በጠርዙ ዙሪያ ጥቁር መስመር ያወጣል፤ ስለዚህ «ለተፈጥሮ ድንጋይ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ።

ሻጋታውን በተመለከተ፣ አዲስ ሲሊኮን በአሮጌው ላይ በደንብ አይያዝም፤ በሁለቱ መካከል ውሃ ይቋጥርና ሻጋታው ከውስጥ ይወጣል። ስለዚህ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ተፍቆ መውጣት አለበት። ቦታውን በውሃ በቀጠነ በረኪና አጽዱት፤ በደንብ አለቅልቁት፤ እስኪደርቅም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ጠብቁ። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከዚያ ሻጋታን የሚቋቋም የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አድርጉበት። ውሃው የሚቋጥረው ገጹ ወደ ግድግዳው ስለሚያዘነብል መሆኑን ደግሞ በውሃ ልክ አረጋግጡ፤ እንዲያ ከሆነ የካቢኔቱን የኋላ እግር ከፍ ማድረግ ይኖርባችኋል። የክፍሉ እንፋሎት መውጫ ከሌለው ግን የትኛውም ሲሊኮን ለረጅም ጊዜ ነጭ ሆኖ አይቆይም።

ጥያቄ፦ የእንጨት ካውንተር እወዳለሁ፤ ብዙ ሰው ግን በላቫንዲኖ አካባቢ ይበሰብሳል ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ የሚበሰብሰው ያልተያዘ እንጨት ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ከካቢኔቱ ጋር ሲታሰር ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆነው ብሎኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ቦታ ይተውለት፤ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይሰነጥቀዋል። ዘይት ሲቀቡት የማይታየውን የታችኛውን ፊትና የላቫንዲኖውን ቀዳዳ ጠርዝ ከላዩ እኩል ይቀቡ፤ አንዱ ፊት ብቻ ከተቀባ ሁለቱ ፊቶች እርጥበትን እኩል ስለማይስቡ ገጹ ይጣመማል። በቧንቧው ሥር ውሃ እንዳያድርበት ማድረቅ የየዕለት ሥራ ይሆንብዎታል። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ከሆኑ እንጨቱ ይኖርልዎታል፤ ቢጫርም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደገና በዘይት መታደስ መቻሉ ድንጋይ የሌለው ጥቅም ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌውን ፎርማይካ ሳናነሣ በላዩ ሴራሚክ ብንለጥፍ ወጪ አይቀንስም?

መልስ፦ ሥሩ ደረቅና ጽኑ ከሆነ ይቻላል፤ ያበጠ ቺፕውድ ካለ ግን አይቻልም፤ ቺፕውዱ መንቀሳቀሱን ስለማያቆም ሴራሚኩ መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። በቀጥታ በፎርማይካው ላይ ከመለጠፍ ይልቅ በላዩ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ሰሌዳ በማጣበቂያና በብሎን አስራችሁ በዚያ ላይ ለጥፉ። በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላው ኢፖክሲ ይሁን፤ ተራው የሲሚንቶ መሙያ ቅባትና ቀለም ይመጥጣል። አንድ ነገር አስቀድማችሁ ለኩ፦ ሰሌዳው፣ ማጣበቂያውና ሴራሚኩ ተደምረው ገጹን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጉታል። ከካውንተሩ ሥር የገባ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ካለና በፊቱ ያለው ወለልም በአዲስ ሴራሚክ ከፍ ካለ፣ ማሽኑ ለጥገና ሲፈለግ ከቦታው አይወጣም። ከገጹ አጠገብ የቆመው ምድጃም ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ የመስኮቱ ደፍና የመብራት ሶኬቶቹም ወደ ገጹ ይቀርባሉ። እነዚህን ለክታችሁ የማይመች ሆኖ ካገኛችሁት አሮጌውን ገጽ ማንሣት ይሻላችኋል።